የዶልፊኔ ሰማያዊ ጭስ፦ ፋሻ ነው፣ ቱርቦ ነው ወይስ ሌላ?

የመክፈቻው ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤተሰብ የማስተዳድርባት አንዲት ዶልፊን ሚኒባስ አለችኝ። ሞተሯ 2.5 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ ነው፤ መካኒኮች 2ኬዲ የሚሉት። ቆጣሪዋ 380 ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል፤ እውነተኛውን ቁጥር የቀድሞ ባለቤቷ ያውቃል። ጠዋትና ማታ በሱሉልታና በአዲሱ ገበያ መካከል የሠራተኛ ሰርቪስ እሠራለሁ።

ችግሬ ጭስ ነው። ዳገት ስትወጣ ደህና ናት። ቁልቁለቱን በማርሽ ይዣት ወርጄ፣ አዲሱ ገበያ መጨናነቅ ውስጥ አምስት ደቂቃ ቆሜ ስነሳ ግን ከኋላዬ ሰማያዊ ደመና ይነሳል። ባለፈው ሳምንት ጥግ ላይ ቆሎ የሚሸጡ እናት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው በእጃቸው ሂድ፣ ሂድ አሉኝ። አፈርኩ። ጠዋት ስትነሳም ትንሽ ታጨሳለች፤ ያ ግን በግማሽ ደቂቃ ይጠፋል። በ600 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ዘይት ትጨርሳለች። ከስር የሚንጠባጠብ ነገር የለም።

ሦስት ጋራዥ ሄድኩ። አንደኛው ካንዴሊታዎቹን (ሞተሩ እንዲነሳ የሚያሞቁትን) ፈትቶ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ አየሩን የሚጨምቁበትን ግፊት ለካ፦ 21፣ 21፣ 20፣ 21 ባር። የመኪናዋ መጽሐፍ ከ27 በላይ ስለሚል ፋሻው (በፒስተኑ ዙሪያ ሆኖ ግፊቱን የሚይዘው የብረት ቀለበት) አልቋል፣ ሞተር ይውረድ አለ። ሁለተኛው የቱርቦውን (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን እቃ) ማራገቢያ በጣቱ ነቅነቅ አድርጎ ቱርቦ ይቀየር አለ። ሦስተኛው ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት ኖዝል (ናፍጣውን የሚረጨው) ነው አለኝ። ለሦስቱም የሚሆን ገንዘብ የለኝም። የትኛውን ልመን?

ከዚያ በኋላ የሆነው

ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ስር የተከተለው ውይይት፣ 31 መልስ ደርሷል፤ ዛሬም ሰው በውስጥ መስመር ምን ላይ ደረሰ እያለ ይጠይቀኛል። ስለዚህ የተባለውን በራሴ ቃል በተራ አስቀምጣለሁ። የማንንም አረፍተ ነገር አልገለበጥኩም። የተሰደብኩበትንም አልዘለልኩም።

ቁጥር 1 ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ ፋሻ መሆኑንና መኪናዋን መሸጥ እንዳለብኝ የሚገልጽ። እንዲህ ያለ ሰው የማይጠፋበት መድረክ የለም።

ቁጥር 2 ትሕትና ያለው ሰው ነው። ወንድሜ ብሎ ጀምሮ፣ ከሁሉ በፊት ቀለሙን በደንብ እንዳይ ጠየቀኝ። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል፤ የታፈነ ፊልትሮ፣ የተቀደደ የቱርቦ ቱቦ፣ የተበላሸ ኖዝል ማለት ነው። ነጭ ከሆነና ዓይን ከቆጠቆጠ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው። ነጭ ሆኖ ጣፈጥ ያለ ሽታ ካለው የራዲያተር ውኃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ግን ዘይት ነው፤ የቀረው ጥያቄ በየት በኩል እንደገባ ብቻ ነው። ረዳቴን ነዳጅ አስረግጬ ከማርሚታው ጫፍ አንድ ክንድ ራቅ አድርጌ ነጭ ወረቀት እንድይዝም መከረኝ። ያዝኩ። ወረቀቱ ላይ እንደ ወጥ ፍንጣሪ ያለ ቅባታማ ነጠብጣብ ተገኘ። የኖዝሉ ነገር እዚያው አበቃ ማለት ይቻላል።

ቁጥር 3 የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትቼ፣ ገልብጬ ቀዳዳው ላይ እንዳስቀምጠውና ሞተሩን እንዳስነሳ ነገረኝ። ክዳኑ ከዘለለ ፋሻ ነው የሚል ፍርድ ነው። ሞከርኩ፤ ቁጥር 4 የእኔው ሪፖርት ነው። ክዳኑ አልዘለለም፤ ግን ዝም ብሎም አልተቀመጠም። እንደሚፈላ ማንቆርቆሪያ ክዳን ይንቀጠቀጣል። ቁጥር 3 ተመልሶ በቃ፣ ሞተር አውርድ አለ። እኔም ልቤ ወረደ።

ቁጥር 5 ሦስት ሚኒባስ የምታሠራ እህት ናት። ስለ ፋሻ ምንም አላለችም። ሹፌር ቀጥሬ ከሆነ በመጀመሪያ ሹፌሩን እንድመረምር ነገረችኝ። የእሷ አንዱ መኪና ለስምንት ወር ዘይት እየበላ ነው ሲባል ከርሞ፣ በኋላ ሲጣራ የሚበላው ሞተሩ ሳይሆን ሹፌሩ ሆኖ ተገኘ። የተገዛለት ዘይት በጀሪካን ሌላ ቦታ ይሸጥ ነበር። ሳቅሁ። የእኔን መኪና የምነዳው ራሴ ነኝ። ምክሯ ግን ፍሬ ነበረው፦ በግምት አታውራ፤ ደብተር ያዝ። ማደያ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቁም፣ ሞተሩን አጥፍተህ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ጠርገህ ለካ። ቁጥሩን ጻፍ። በሚቀጥለው ቀን ደብተር ገዛሁ። ጥቅሙ በኋላ ታየ።

ቁጥር 6 ከቁልቁለት በኋላ ሰማያዊ ጭስ ከታየ የቫልቭ ጋይድ (የቫልቩ ግንድ የሚንሸራተትበት ቀዳዳ) ነው፣ ሌላ መጠራጠር አያስፈልግም የሚል ነው። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ አየር ስለሚያጣ ዘይቱን በቫልቩ ግንድ በኩል ይስባል ይላል። በደንብ የተጻፈ ነበር፤ እኔም አመንኩት።

ቁጥር 7 አላመነም። ሰላምታም የለው። የተባለው ሁሉ ለቤንዚን ሞተር የሚሠራ መሆኑን በቁጣ አስረዳ። ቤንዚን ሞተር እግርህን ስታነሳ የአየሩ በር ይዘጋበትና ከባድ መሳብ ይፈጠራል። ናፍጣ ሞተር እንደዚያ አይታፈንም፤ እግርህን ስታነሳ የሚቀነሰው ናፍጣው ነው። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ በቫልቭ የሚሳበው ዘይት ያን ያህል አይደለም። ቀጥሎ የጻፈው ዓረፍተ ነገር ስለ ቁጥር 6 የመንጃ ፈቃድ ነበር፤ እሱን ለራሱ እተወዋለሁ። ቁጥር 8 የቁጥር 6 መልስ ነው፣ እሱንም እንደዚያው።

ቁጥር 9 ስለ ዘይት ነው። ወፈር ያለ 50 ቁጥር ዘይት ሙላበት፣ ላዩ ላይ ማወፈሪያ ጨምርበት፣ ጭሱ ይጠፋል የሚል። ቁጥር 10 በዚሁ ዘዴ የአጎቱ ልጅ ሁለት ዓመት መሥራቱን መሰከረ። ቁጥር 11 ደግሞ መኪና ነጋዴ እንደነበረ ሳይደብቅ ጻፈ። መኪና ሊሸጡ ሲሉ መጀመሪያ የሚደረገው ይኸው መሆኑን፣ ወፍራም ዘይት ጭስንም ድምፅንም ለጥቂት ወራት እንደሚደብቅ፣ በማለዳ ብርድ ግን ቱርቦው ጋ ዘግይቶ ስለሚደርስ ኩሽኔታውን እንደሚበላው። ደላላው ገዢውን ጠዋት ሳይሆን እኩለ ቀን ላይ የሚቀጥረውም ለዚህ ነው አለ፤ ሞተሩ ሞቆ እንዲጠብቅ።

እሱን ሳነብ ቀዝቃዛ ውኃ የተደፋብኝ መሰለኝ። ቁጥር 12 ላይ ያመንኩት ነገር አለ። መኪናዋን የገዛሁት የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በሰባት ሰዓት ቀጠሮ ነው። ስገዛት ጸጥ ያለች፣ ጭስ የሌላት ነበረች። ጭሱ የጀመረው የመጀመሪያውን ዘይት ቀይሬ መጽሐፉ የሚለውን ቀጭን ዘይት ከሞላሁ በኋላ ነው። ዘይቱን ጠርጥሬ ከሱቁ ሰውዬ ጋር ተጣልቻለሁ። ይቅርታ ልጠይቀው ይገባል።

ቁጥር 13 የቴክኒክና ሙያ አስተማሪ ነው። ከሁሉ የጠቀመኝን አንድ ነገር የነገረኝ እሱ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ያ 27 ባር የሚለው ቁጥር የተጻፈው በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚለካ ሞተር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ፒስተኑ የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነው፤ ያገኘው ሩቡ የጎደለ ከሆነ የሚያወጣውም ቁጥር በሩብ ይጎድላል። የእኔን 21 ባር ወደ ባሕር ጠለል ሲመልሰው 27 ከምናምን መጣ። ያ ማለት ሞተሩ ጤነኛ ነው። ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ የአራቱ ሲሊንደር መቀራረብ እንደሚበልጥም ጨመረ። 21፣ 21፣ 20፣ 21 እህትና ወንድም ናቸው። አንዱ 21፣ አንዱ 14 ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ እንወያይ ነበር አለ። ባትሪው ደካማ ከሆነና አስነሺው ሞተሩን ቀስ አድርጎ ካዞረው ቁጥሩ ከዚህም ይወርዳል።

ሞተር ለማውረድ መኪናዬን ቀጠሮ አስይዤ ነበር። ሰኞ ጠዋት ደውዬ ሰረዝኩ።

ቁጥር 14 አዳማ ላይ ጋራዥ ያላቸው ትልቅ ሰው ናቸው። ከጥቂት መልስ በኋላ ሁሉም ጋሼ ይላቸው ጀመር፤ እኔም እንዲሁ። የአስተማሪውን ነገር በሥራቸው አረጋገጡት። ያው መኪና በዚያው መለኪያ አዲስ አበባ ከሚለካው አዳማ ላይ ወደ ሁለት ባር ከፍ ብሎ እንደሚለካ ከዓመታት በፊት አይተዋል፤ ምክንያቱን ሳያውቁ መለኪያውን ጥለው አዲስ ገዝተው ነበር። ከዚያ ወደ ቱርቦው ገቡ።

እንደ እሳቸው አገላለጽ፣ የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ ይሽከረከራል። ዘይቱን የሚይዘው የጎማ ሲል (ማሸጊያ) አይደለም፤ እንደ ፋሻ ያለ ቀጭን የብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱ ብቻውን ዘይት አይከለክልም። በአንድ በኩል የአየሩ፣ በሌላ በኩል የጭሱ ግፊት ነው ዘይቱን ወደ ውስጥ ገፍቶ የሚያቆየው። ሥራውን የጨረሰው ዘይት ደግሞ በስበት ብቻ፣ ማንም ሳይገፋው፣ በመመለሻው ቱቦ ወደ ሞተሩ ይወርዳል። መመለሻው ከጠበበ ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ ይሞላል። ዳገት ላይ ግፊቱ ስላለ ይይዘዋል። ቁልቁለት ላይና ቆማ ስትሠራ ግፊቱ ይወድቃል፤ ዘይቱም በቀለበቱ አልፎ ወደ ጭስ ማውጫው ይንጠባጠባል። ተጠራቅሞ ይቆያል። እግርህን ነዳጁ ላይ ስታሳርፍ ሙቀቱ ይነካውና አንዴ ይጨሳል። ያ የኔ አዲሱ ገበያ ነው። ቁጭ ብለው ያዩኝ ያህል ነው የገለጹልኝ።

የሁለተኛውን ጋራዥ ፍርድም አነሱ። ሞተር ጠፍቶ ዘይት በሌለበት ሰዓት ዘንጉ ወደ ጎን ትንሽ መነቅነቁ ያለ ነው፤ በዘይት ላይ ተንሳፍፎ የሚዞር ነገር ነውና። የሚፈራው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ወይም ማራገቢያው ቤቱን ከፋቀ ነው። ያዘዙኝ ሦስት ነገር፦ ዘንጉን ገፍተህ ሳበው፣ የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦ (የውስጥ ግፊቱ የሚወጣበትን) አውጥተህ በአፍህ ንፋው፣ የቱርቦውን የዘይት መመለሻ ፈትተህ እየው። ቱርቦ እስከዚያ እንዳትገዛ።

ቁጥር 3 እዚህ ላይ ተመልሶ የክዳኑን መንቀጥቀጥ አስታወሰ፤ ቁጥር 15 ነው። ጋሼ በቁጥር 16 በአጭሩ መለሱለት። ናፍጣ ሞተር ላይ ክዳን ትንሽ መንቀጥቀጡ የተለመደ ነው፤ መተንፈሻው ከታፈነ ደግሞ ጤነኛ ፋሻ ያለውም ክዳን ያዘልላል። ያ ታፍኖ የቀረ ግፊት ከስር ሆኖ የቱርቦውን ዘይት አትውረድ ብሎ ይገፋዋል። ስለዚህ ሁለቱ ችግሮች ዘመዳሞች ናቸው። ቁጥር 3 ከዚያ በኋላ አልጻፈም። ቅር ብሎት ከሆነ ይቅርታ፤ ክዳኑን ባያስፈትሸኝ መተንፈሻውን ማን ያስብ ነበር?

ቁጥር 17 ታሪክ ይዞ መጣ። አባይ በረሃን አቋርጦ ወደ ደጀን ሲወጣ የቱርቦው ሲል በአንዴ ለቀቀ። ሞተሩ የራሱን ዘይት እንደ ነዳጅ እየጠጣ በራሱ መጮህ ጀመረ። ቁልፉን አጠፋ፤ ሞተሩ አልጠፋም። ቁልፉ የሚያቆመው ናፍጣውን ነው፤ ይሄ ደግሞ ናፍጣ አያስፈልገውም። ተሳፋሪ በመስኮት ይወርዳል፣ ጭሱ መንገዱን ሸፍኗል። እሱ ፍሪሲዮን ረግጦ ትልቁን ማርሽ አስገባ፣ ፍሬኑን እስከ ወለሉ ተጫነ፣ ፍሪሲዮኑን በአንዴ ለቀቀ። ታንቆ ቆመ። እጁ ለአንድ ሰዓት እንደተንቀጠቀጠ ጻፈ። እኔ በንባቡ ብቻ ነው የተንቀጠቀጥኩት።

ቁጥር 18 በቀልድ መልክ ጃኬቱን አውልቆ የአየር መግቢያው ላይ ቢጥል ይበቃው እንደነበር ጻፈ። ቁጥር 19 ይህ የሚቀለድበት ነገር አለመሆኑን በጠንካራ ቃል አሳሰበ። ያን ያህል የሚሽከረከር ሞተር ጃኬቱንም እጁንም ይስባል። አየሩን መዝጋት ካስፈለገ በጠፍጣፋ ጣውላ ወይም በወፍራም ብረት ነው፤ እጅን በጭራሽ። በእጅ የሚቀየር ማርሽ የሌለው፣ ማለትም ኦቶማቲክ የሆነ መኪና ያለው ሰው ይህን ደግሞ ያንብበው።

ቁጥር 20 ከሻርጃ ነው፤ እዚያ ያገለገለ መለዋወጫ ይነግዳል። ጋሼን ደገፈ፤ ለነጋዴ ደግሞ ይህ የሚገርም ነው። ያገለገለ ቱርቦ ገዝቼ በተዘጋ መመለሻ ላይ ብገጥመው በሳምንቱ እንደሚያጨስ፣ ከዚያም ነጋዴው አታለለኝ እንደምል ጻፈ። ብዙ ደንበኛ እንዲህ ይመልስበታል። አዲስ የሚባለውንም ሳጥኑን አይቼ እንዳላምን መከረኝ፤ ሳጥን የሚያትም ሰው ሞልቷል።

ቁጥር 21 የእኔ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰፈሬ ካለ አንድ ወጣት መካኒክ ጋር ከመኪናዋ ስር ገባን። ዘንጉ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ አይንቀሳቀስም፤ ማራገቢያውም ቤቱን አልነካም። አንድ። መተንፈሻ ቱቦው በውጭ ሲታይ ደህና ነው፤ ስጨብጠው ግን እንደ ተቀቀለ ፓስታ ተጣበቀ። ዘይት ጠጥቶ ለስልሷል፤ ሲሞቅ በውስጡ ይደፈናል። በአፌ ስነፋው ጉንጬ ተወጠረ እንጂ አየሩ አላልፍ አለ። ሁለት።

ሦስተኛው ነው የገረመኝ። ከቱርቦው ስር ያሉትን ሁለት ቡሎኖች ፈታን። ቱቦው ወረደ። ልጁ ስልኩን አብርቶ ወደ ላይ አየና ዝም አለ። ከዚያ ጣቱን አስገብቶ ብርቱካናማ ነገር ጎትቶ አወጣ። ሲሊኮን። ከእኔ በፊት የነበረ ማንነቱ የማይታወቅ መካኒክ ጋስኬት (በሁለት ብረት መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ቆጥቦ በሲሊኮን አሽጎታል። ሲጠብቀው የተረፈው ወደ ውስጥ ተጨምቆ ደርቋል። የትንሽ ጣቴን አንጓ የሚያህል ነው፤ እንደ ትል ተንጠልጥሎ። ከሱ በታች ዘይቱ እየቆመ ተቃጥሎ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ ተጋግሯል። የቀረው ቀዳዳ እስክሪብቶ የሚያሳልፍ አልነበረም። በናፍጣ ዘፍዝፈን በሽቦ ፋቅነው። መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ የብረት ጋስኬቱንና አዲስ መተንፈሻ ቱቦ ገዛሁ። ቱርቦው ባለበት ተመለሰ። ሲሊኮን አልነካንም። የኢንተርኩለሩን (ከቱርቦው የወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘውን) ቱቦ ስንፈታ አንድ የሻይ ብርጭቆ የሚሞላ ዘይት ፈሰሰ።

ሲሊኮኑን ፎቶ አንስቼ ለጥፌያለሁ። ከክሩ ሁሉ ብዙ የታየው እሱ ነው።

ቁጥር 22 እንኳን ደስ አለህ። ቁጥር 23 ከጀርመን፤ እዚያ የቴክኒክ ምርመራ ላይ የጭሱ ጥቁረት በመሣሪያ እንደሚለካና ያላለፈ መኪና መንገድ እንደማይወጣ ጻፈ። እሱም የድሮ ቫን ይዞ በጭስ ሲጉላላ የቆየ ሰው ነው፤ የተቀበለው ምክር ግን ከጋሼ ጋር አንድ ነበር፦ የቱርቦ ዘይት መንገድ ላይ ሲሊኮን ክልክል ነው። አዲስ አበባ የቦሎ ምርመራም ይህን ያህል ይጥበቅ የሚል አስተያየት ጨመረበት። ቁጥር 24 አገር ውስጥ ሆኖ የሚሠራ ሰው እንጀራው ላይ እንዲህ አይናገርም ብሎ ቆጣ አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። የቆሎ ሻጯ እናት ግን ከቁጥር 23 ጋር እንደሚሆኑ እገምታለሁ።

ቁጥር 25 እኔ ነኝ፤ ደንግጬ የጻፍኩት። በተሠራ ማግስት ጭሱ ብሷል! ቁጥር 26 ላይ ጋሼ አረጋጉኝ። ማርሚታው ውስጥ የተጠራቀመው የቆየ ዘይት መቃጠል አለበት። ሁለት ሦስት ቀን ዳገት ላይ አሠራት፤ በአምስተኛው ቀን ካልቀነሰ ጻፍልኝ አሉ። በአራተኛው ቀን ቀነሰ።

ከዚህ በኋላ ክሩ መስመር ለቀቀ። ቁጥር 27 ይህን ሁሉ ድካም ትቼ ኤሌክትሪክ እንድገዛ መከረኝ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታውሶ፣ የናፍጣ ዘመን አልቋል አለ። ቁጥር 28 ብድሩን አንተ ክፈልልኝ አለው። ቁጥር 29 ሱሉልታ ላይ መብራት በሚጠፋበት ቀን ሠራተኛውን በምን እንደማመላልሰው ጠየቀ። እነዚህን ሦስቱን ለማስታረቅ አልሞከርኩም። ደግሞ እኔ የጠየቅሁት ስለ ጭስ ነበር።

ቁጥር 30 የደብተሬ ውጤት ነው። ከጥገናው በፊት 600 ኪሎ ሜትር ለአንድ ሊትር። ከጥገናው በኋላ ባለፉት ሦስት ሳምንታት 2,400 ኪሎ ሜትር ሄጄ የጨመርኩት ከአንድ ሊትር ትንሽ ቢያንስ ነው። አዲሱ ገበያ ላይ ስነሳ በመስታወት አያለሁ፤ ምንም። ጠዋት ስትነሳ የምትተፋት ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ግን አለች። ጋሼን ስለሷ ጠየቅኋቸው። ሌሊቱን ቆማ ስታድር ዘይት በቫልቭ ሲል እየተንጠባጠበ ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል፤ ሲሉ ጎማ ስለሆነ በዕድሜ ይደርቃል። ቁጥር 6 ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም ማለት ነው፤ የተሳሳተው በሰዓቱ ነው። ሲሉ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሳይወርድ ሊቀየር ይችላል፤ ግን ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) መነሳት አለበት። ስለዚህ ለሱ ብለህ አትክፈት፣ የታይሚንግ ቺንጋዋን የምትቀይርበት ቀን አብረህ አሠራው አሉኝ። ቺንጋዋ ገና 30 ሺህ ኪሎ ሜትር ይቀራታል። እስከዚያ ጠዋት ጠዋት እንታገሳታለን። ቁልቁለቱን ጨርሼ እንደቆምኩ ወዲያው ሞተር እንዳላጠፋና ቱርቦው እንዲቀዘቅዝ አንድ ሁለት ደቂቃ እንዳቆያትም አዘውኛል። ረዳቴ ይህን ሰዓት ለመቁጠር ተሹሟል።

ቁጥር 31 ትናንት ማታ ገባ። የእሱም ዶልፊን ታጨሳለች፤ ጭሷ ግን ነጭ ነው፤ ራዲያተሩም በየቀኑ ውኃ ያጎድላል። ያ ሌላ በሽታ ነው፣ አዲስ ክር ክፈትበት አልኩት። ጋሼ ደግሞ ክሩን እስኪከፍት ድረስ ሞተሩ በጋለበት የራዲያተሩን ክዳን እንዳይፈታ አስጠንቅቀውታል።